ቱባ ፍለጋ ወደ ኤል አልቶ

(ሐሙስ ጠዋት። ቦሊቪያ ውስጥ ከኦሩሮ ከተማ ወደ ኤል አልቶ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ፒክአፕ እያቃሰተ ይሄዳል። ውስጡ ያሉት ሦስት ጓደኛሞች የአንድ ማርሽ ባንድ ሰዎች ናቸው። መሪ የያዘው ኢላሪዮ ትልቁን ከበሮ ሃያ ዓመት ሲደልቅ ጆሮው ስለደከመ ወሬ ውስጥ አይገባም። ከጎኑ ኒካኖርና ሴቬሮ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ባርኔጣ የደፋው ኒካኖር የባንዱ ጸሐፊ ነው፤ ሰልፍ ላይ ሁለት የናስ ሳህን ያጋጫል። ሴቬሮ በትከሻ ላይ የሚጠመጠመውን ትልቁን ጥሩምባ፣ ቱባውን ይነፋል። አሁን ግን ቱባ የለውም።)

ኒካኖር፡ ጣለው አልኩህ እኮ! የታሸገ ምግብ ሆዱ ከተነፋ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሴቬሮ፡ (የድንች ጥብስ ከረጢት ደረቱ ላይ አቅፎ) ዳገት ስለወጣን ነው። አየሩ ሲሳሳ ይነፋል።

ኒካኖር፡ ዳገት የሚነፋው ሰውን እንጂ ድንችን አይደለም።

ሴቬሮ፡ የተነፋው ድንቹ አይደለም፤ ከረጢቱ ነው።

ኒካኖር፡ ከረጢቱን ማን ነፋው? ድንቹ! አየህ፣ አንተ ነገር ከሥሩ አትመረምርም። ብትመረምር ኖሮ ቱባው ባልተሰረቀ።

ሴቬሮ፡ ቱባው የወጣው በባንዱ ቤት መስኮት ነው። መስኮቱን እኔ እዘጋዋለሁ ያልከው አንተ ነህ።

ኒካኖር፡ ዘግቼዋለሁ! መስታወት ነው ያልነበረው።

ሴቬሮ፡ (ከረጢቱን ይቀድዳል) ካርኒቫል ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፣ አበልጄ። የቀጠሩን ጨፋሪዎች ያሉትን ሰምተሃል። ያለ ቱባ ከመጣችሁ ሌላ ባንድ እንቀጥራለን ብለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ከፊት ሆኜ እየነፋሁ ያለፍኩበትን መንገድ፣ ዘንድሮ ዳር ቆሜ ልየው? ሚስቴ እንኳ በእንቅልፍህ ጉንጭህን ትነፋለህ አለችኝ።

ኒካኖር፡ አይዞህ። በዚህ አገር የጠፋ ነገር ሁሉ የሚገኘው ኤል አልቶ ገበያ ነው። የኢላሪዮ የመኪና መስታወት ጠፍቶ የት ተገኘ?

ሴቬሮ፡ ኤል አልቶ።

ኒካኖር፡ የቄሱ ብስክሌት?

ሴቬሮ፡ ኤል አልቶ።

ኒካኖር፡ የእህትህ ባል?

ሴቬሮ፡ እሱ እንኳ አልጠፋም፤ ጥሏት ሄዶ ነው።

ኒካኖር፡ የት?

ሴቬሮ፡ ኤል አልቶ።

ኒካኖር፡ በቃ! እኔ ያቺን ቱባ ከሺህ ቱባ መሃል ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ። ዋናው ነገር ገበያ ላይ የምናሳየው ፀባይ ነው። ስማኝ። የምትፈልገውን ዕቃ አታየውም።

ሴቬሮ፡ ካላየሁት እንዴት አገኘዋለሁ?

ኒካኖር፡ ታየዋለህ፤ ግን እንዳላየ ሆነህ። ዓይንህ እሱ ላይ ካረፈ ሻጯ ታውቅብህና ዋጋው ሰማይ ይነካል። "ይሄ የኛ ነው፣ ተሰርቀን ነው" ካልክማ አለቀልህ። ብርድ ልብስ ጣል ታደርግበትና ዳግመኛ አታየውም። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሌላ ዕቃ ትጠይቃለህ። ከዚያ ያለውን ሁሉ ታጣጥላለህ። በመጨረሻ ጀርባህን ሰጥተህ መሄድ ስትጀምር፣ "ያንን ቆርቆሮ በስንት ትለቂዋለሽ?" ትላለህ።

ሴቬሮ፡ እሺ። እውነቱን ብንነግራትስ?

ኒካኖር፡ ለገበያ ሰው እውነት? (ወደ ኢላሪዮ ዞሮ) ሰማኸው ይሄንን?

(ኢላሪዮ አልሰማም።)

ኒካኖር፡ ደግሞም ስሟን አንጠራም። ገበያ ጆሮ አለው። ከአሁን ጀምሮ ቱባዋ "አክስቴ" ናት።

ሴቬሮ፡ የማን አክስት?

ኒካኖር፡ የማንም! የምስጢር ቃል ነው። "አክስቴ ተገኘች" ካልክ ቱባዋ ተገኘች ማለት ነው።

ሴቬሮ፡ እኔ ግን ኤል አልቶ የእውነት አክስት አለችኝ። ሴላንድያ። እዚያው ገበያ ውስጥ አሮጌ ጫማ ትሸጣለች።

ኒካኖር፡ እሷን ለዛሬ እርሳት።

ሴቬሮ፡ ደጇ ድረስ መጥቼ ሳልጠይቃት ብመለስ ትቀየመኛለች።

ኒካኖር፡ ለዚህ እኮ ነው በባንዱ ውስጥ መንፋቱ ለአንተ፣ ማሰቡ ለእኔ የተሰጠው!

ሴቬሮ፡ (እየቆረጠመ) ድንቹ ደህና ነው እኮ። ቅመስ።

(ኒካኖር ሁለት እፍኝ ይወስዳል።)

(ኤል አልቶ። ገበያው ዓይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቷል። የመኪና ሞተር፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሕፃን አልጋ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ ሁሉም መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ነው። ኢላሪዮ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶታል። ሁለቱ ተለያይተው መፈለግ ከጀመሩ አንድ ሰዓት ሆኗቸዋል። ኒካኖር ጥቁር መነጽር ያደረገ አንድ ሰውዬ ፊት ቆሞ ይከራከራል፤ ከሰውየው እግር ሥር አንድ ቱባ ተቀምጧል። ሴቬሮ እያለከለከ ይደርሳል።)

ሴቬሮ፡ (በሹክሹክታ) አበልጄ! አበልጄ!

ኒካኖር፡ (ሳይዞር፣ በጥርሱ መሃል) አላውቅህም። ሂድ።

ሴቬሮ፡ አክስቴ ተገኘች!

ኒካኖር፡ ሰላም በልልኝ።

ሴቬሮ፡ ና እያት እንጂ! ከዚህ ሦስተኛው ሸራ፣ ዶኛ ቶማሳ የምትባል ሴትዮ ጋ ተቀምጣለች።

ኒካኖር፡ ትቀመጣ። ደክሟት ይሆናል።

ሴቬሮ፡ እያገላበጥኩ አየኋት። ያኔ አብረን ከደረጃ ስንወድቅ ጎኗ ላይ የደረሰባት ጠባሳ እንዳለ ነው።

ኒካኖር፡ ገበያ መሃል የአክስትህን ጎን ትገልጣለህ? ነውር አታውቅም?

ሴቬሮ፡ ዶኛ ቶማሳ ራሷ ናት "ካላመንክ ገልብጠህ እያት" ያለችኝ። አፏ ትንሽ ተጣሟል እንጂ ጤነኛ ናት።

ኒካኖር፡ አፏ ከተጣመመ ሐኪም ቤት ውሰዳት!

ሴቬሮ፡ ምን ሐኪም ያስፈልጋል? ቤት ስገባ ራሴ በመዶሻ አቃናታለሁ።

ኒካኖር፡ (ደንግጦ ይዞራል) ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ስማ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ሰውየውን አስጨንቄዋለሁ። መጀመሪያ የልብስ ስፌት መኪና አለህ ወይ አልኩት፤ የለኝም አለ። የወፍ ጎጆስ አልኩት፤ የለኝም አለ። ከዚያ "ይሄ ጠማማ ቧንቧ ምንድነው?" ስለው፣ ምን እንደሆነ እሱ ራሱ አያውቅም! ግራ ቀኙን ብቻ ይገላመጣል። ሻጭ የሚርበደበደው እንዲህ ነው!

ሴቬሮ፡ ግን እኮ ያቺኛዋ አክስታችን አይደለችም።

ኒካኖር፡ የቷ?

ሴቬሮ፡ (በአገጩ ወደ ቱባው እየጠቆመ) ያቺ።

ኒካኖር፡ ቱባ እንዴት አድርጎ ነው አክስትህ የሚሆነው? በል ሰው ሳያየን ዞር በልልኝ!

ሴቬሮ፡ አንተ አይደለህ እንዴ...

ኒካኖር፡ አላውቅህም አልኩ! መኪናው ጋ ጠብቀኝ።

ሴቬሮ፡ ዶኛ ቶማሳ ግን እንዲሁ በባዶ አልለቃትም ብላለች።

ኒካኖር፡ አክስትህን? የቤተሰብ ጣጣችሁን ራስህ ጨርስ! የፈለገችውን ስጣትና አክስትህን ተሸክመህ ሂድ!

ሴቬሮ፡ የፈለገችውን?

ኒካኖር፡ የፈለገችውን!

(ሴቬሮ ጥቂት ካሰበ በኋላ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።)

(መኪናው ጋ። ሴቬሮ ከፒክአፑ ኋላ የጭነት ቦታው ላይ ተቀምጦ ቱባ አቅፏል። ኒካኖር ሌላ ቱባ ተጠምጥሞበት እየተንገዳገደ ይመጣል።)

ኒካኖር፡ እልል በል፣ አበልጄ! አራት መቶ ቦሊቪያኖ ያለውን በሁለት መቶ... (ያያል) ያ ምንድነው?

ሴቬሮ፡ አክስቴ።

(ኒካኖር አንዴ የራሱን፣ አንዴ የሴቬሮን ቱባ ያያል።)

ኒካኖር፡ ለምን አልነገርከኝም?

ሴቬሮ፡ ነገርኩህ። ሰላም በልልኝ አልከኝ።

ኒካኖር፡ ቆይ፣ ቆይ። ተሳስተህ ነው። እውነተኛዋ ይህችኛዋ ናት። ከሺህ መሃል አውቃታለሁ ብያለሁ። ይኸው፣ ጠባሳዋን ተመልከት!

ሴቬሮ፡ (በጣቱ ነክቶ ያሸታል) ጠባሳ አይደለም፤ ጮማ ነው።

ኒካኖር፡ የምን ጮማ?

ሴቬሮ፡ የአሳማ። ገና ትኩስ ነው። አበልጄ፣ ሰውየው ከዚህች ሌላ ምን ይሸጥ ነበር?

ኒካኖር፡ ምንም። እሷን ብቻ።

ሴቬሮ፡ ሸራ አንጥፏል?

ኒካኖር፡ ቆሞ ነው የሚሸጠው። የአሳማ ጥብስ ከምትሸጠዋ ሴትዮ ደጃፍ።

ሴቬሮ፡ ውስጥ የሚበላ ሰው ነበር?

ኒካኖር፡ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶን... የባንድ ኮት የለበሰ... (ድምፁ እየሰለለ ይጠፋል)

(ከገበያው በኩል ጩኸት ይሰማል። አንድ ወፍራም ሰው አፉ በጮማ እንዳብረቀረቀ እየሮጠ ይመጣል። ከኋላው አሥራ አራት ባለ ኮት ሰዎች፣ አንዱ ጥሩምባ፣ አንዱ ከበሮ እንደያዘ፣ ይከተሉታል። "ያ ነው! ባለ ባርኔጣው!" ይላል ወፍራሙ ሰው።)

ኒካኖር፡ ተረጋጋ። አንተ ምንም እንዳትናገር። እንዲህ ያለ ነገር የኔ ሥራ ነው።

ሴቬሮ፡ ቱባቸውን ብንመልስላቸውስ?

ኒካኖር፡ ዝም በል! (ለመጡት ሰዎች፣ ደረቱን ነፍቶ) ክቡራን ሆይ! በደንብ እንተዋወቅ። ይህች ቱባ ዕድሜ ልኬን ስነፋት የኖርኩ የገዛ ንብረቴ ናት! ከንፈሬና እሷ አንድ ቤት ነው ያደጉት!

(ወፍራሙ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ "እንግዲያውስ ንፋት" ይለዋል።)

ኒካኖር፡ አሁን?

ሴቬሮ፡ ተው፣ አበልጄ።

(ኒካኖር ጉንጩን ይነፋል፤ ዓይኑ ይፈጥጣል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ከቱባዋ የወጣው ድምፅ ኢላሪዮን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል።)

ሴቬሮ፡ (ከጭነት ቦታው ላይ ወርዶ ቱባዋን ከኒካኖር ትከሻ በቀስታ እያወጣ) ወንድሞቼ፣ ይቅርታ አድርጉልን። አበልጄ ወሬ ይበዛበታል እንጂ ሌባ አይደለም። የእኛ ቱባ ተሰርቃ ልንፈልግ መጣን፤ እሱ ቸኩሎ የእናንተን ከሌባ ገዛ። ይኸው። ጮማውን ጥረጉላት እንጂ ምንም አልሆነችም።

(ወፍራሙ ሰው ቱባዋን ይቀበልና ግራ ቀኝ ያያታል፤ ከዚያ አንድ ወፍራም ዜማ ይነፋል። ሴቬሮ የራሱን ቱባ አንስቶ ይመልስለታል። አሥራ አራቱ ይስቃሉ። ከበሮ የያዘው ሁለቴ ይደልቃል፤ ኢላሪዮ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ ይደልቅለታል። ሴቬሮ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ ከመንፋቱ ይሁን ከደስታው አይለይም። ሰዎቹ እጁን ጨብጠው ይሄዳሉ። የኒካኖርን እጅ የጨበጠ የለም።)

(የመልስ መንገድ። ቱባዋ በሁለቱ መሃል ተቀምጣለች፤ ኒካኖር በር ላይ ተለጥፏል።)

ኒካኖር፡ እንደ እውነቱ ከሆነ እኔ ባልደርስ ኖሮ ያ ሌባ ቱባቸውን ይዞ ይሰወር ነበር። ሊያመሰግኑኝ ይገባ ነበር።

ሴቬሮ፡ ይገባቸው ነበር።

ኒካኖር፡ ሁለት መቶ ቦሊቪያኖዬም ቀረ።

ሴቬሮ፡ ቀረ።

ኒካኖር፡ ለመሆኑ አንተ በምን ገዛሃት? ጠዋት ስንነሳ ኪስህ ውስጥ ከመሐረብ ሌላ ምንም አልነበረም።

ሴቬሮ፡ አልገዛኋትም። ለዶኛ ቶማሳ እውነቱን ነገርኳት። ተሰርቀን ነው፣ ካርኒቫል ደርሶብናል አልኳት።

ኒካኖር፡ ብርድ ልብስ አልጣለችባትም?

ሴቬሮ፡ አልጣለችም። "ሐዘንህ ሐዘኔ ነው፤ ግን እኔም ገንዘቤን አውጥቼ ነው ያመጣኋት፣ በባዶ አልለቃትም" አለች። አንተ ጋ መጥቼ ስመለስ ግን ነገሩ ተለውጦ ጠበቀኝ። ዶኛ ቶማሳ እኔን ትታ ወደ ማዶ እያየች ትስቃለች። ጎረቤቶቿንም ጠርታለች። "የወፍ ጎጆ ጠየቀው እኮ!" ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀምጣለች።

ኒካኖር፡ (ቀስ ብሎ) ማንን እያዩ ነው?

ሴቬሮ፡ ዶኛ ቶማሳ "ያንን ሰውዬ ታውቀዋለህ?" አለችኝ። አበልጄ ነው አልኳት። "ከፋሲካ በኋላ ልጄን እድራለሁ" አለች። "ሙዚቃው አለ፣ ምግቡ አለ፣ መጠጡ አለ። ሠርገኛውን የሚያስቅልን ሰው ብቻ ነው ያጣነው። እሱን የምታመጣልኝ ከሆነ ቱባህን አንሳ" አለችኝ።

ኒካኖር፡ እና አንተ... እኔን... እሺ አልክ?

ሴቬሮ፡ ወዲያው አይደለማ! መቼም አበልጄ አይደለህ? እሷ "ሦስት ቀን ይሰንብትልን" ነበር ያለችው። ተከራክሬ ተከራክሬ በሁለት ቀን ጨረስኩልህ።