ጠፈር ላይ ቆሎ አይቆረጠምም

ጨዋታ ባለበት ሁሉ ጨዋታ የሚያበላሽ ሰው አለ። ሰርግ ላይ “ይሄ እስክስታ የኛ አገር አይደለም፤ ትከሻችሁን አስተካክሉ” የሚለው እሱ ነው። ገና ሲጫወቱ “ሩሯ ቀለለች” ብሎ ሜዳ መሃል የሚገባውም እሱ ነው። ካርታ ከተያዘ ደግሞ ሕጉን ከመጀመሪያው ካላስረዳሁ ብሎ ምሽቱን ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ጌም ቤት ለከፈተው ለሪያድ ግን ዕጣው ከፍ ብሎለት ክቡር መምህር እንዳላማው ደረሱት።

መምህር እንዳላማው ፊዚክስ ያስተምራሉ፤ ሪያድንም አስተምረውታል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ሪያድ ገና ድሮ “በል ውጣልኝ” ይለው ነበር። ያስተማረን ሰው ከደጅ መመለስ ግን ነውር ነው፤ እናቱ ብትሰማ እህል አትሰጠውም።

ስድስት ኮምፒዩተሮቹን በገመድ አያይዞ የጠፈር በረራ ጨዋታ የጫነ ሰሞን ሪያድ ደስታውን አልቻለውም ነበር። ሁሉም በየወንበሩ ሆኖ በአንድ ሰማይ ላይ የየራሱን መንኮራኩር ያበራል። አንዱ ጭነት ያመላልሳል፣ ሌላው ያሳድዳል፣ ይተኩሳል፣ ይፈነዳል፤ የፈነዳውም ወዲያው ተነስቶ መልሶ ይተኩሳል። ባጃጅ ነጂው ታረቀኝ ተሳፋሪ እየተወ ይመጣ ጀመር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ሶልያናም ከቤተ መጻሕፍት እየጠፋች ትመጣለች። ቤቱ በሳቅና በጩኸት ሲናጋ ይውላል። ታዲያ አንድ ቀን መምህር እንዳላማው ከመነጽራቸው በላይ እያዩ ገቡ።

“ይሄ የምን ድምፅ ነው?” አሉ።

“ተኩስ ነው ጋሼ” አለ ሪያድ።

“የት ነው የሚተኮሰው?”

“ጠፈር ላይ።”

“ጠፈር ላይ አየር የለም። አየር ከሌለ ድምፅ የለም። ይሄን አስተምሬህ ነበር፤ እውነቱ ይከበር እንጂ!” አሉና ድምፅ ማጉያውን በገዛ እጃቸው ዘጉት። ያን ድምፅ ማጉያ ሪያድ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ፣ በሚኒባስ ጭኑ ላይ ታቅፎ ነበር ያመጣው። እስከ ዛሬ ሲያስታውሰው ደሙ ይፈላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውም አንዱን ወንበር ይዘው መጫወት ጀመሩ። ቀጥሎ ፍሬን ተከለከለ። “ባዶ ላይ ምን ይዞህ ትቆማለህ?” ይላሉ መምህር። መቆም የፈለገ መንኮራኩሩን ወደ ኋላ ያዞርና ሞተሩን በመጣበት ፍጥነት ልክ ያነድደዋል። ታረቀኝ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። “ቀኑን ሙሉ ፍሬን የሌለው ባጃጅ ስነዳ ውዬ፣ እዚህም ፍሬን ልጣ?” አለ። ሰሚ ግን አላገኘም።

ከኮከብ ኮከብ በአንድ ጊዜ መዝለልም ቀረ፤ በእውነቱ እንዲህ የሚዘል ሰው የለምና። ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሦስት ሰዎች ጥቁር መስኮት ላይ አፍጥጠው ይቀመጣሉ። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የመጣ አንድ መንገደኛ “ምነው፣ ኮምፒዩተሮችህ ተበላሹ እንዴ?” ብሎ ሪያድን ጠይቆታል። “አልተበላሹም፤ እየሄዱ ነው” አለ ሪያድ ጥርሱን ነክሶ።

ይህም ይሁን። ሶልያና አንድ ቀን ቆሎ ይዛ መጣች። መምህር እፍኟን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። “ክብደት በሌለበት ቦታ ቆሎ አይቆረጠምም። ይንሳፈፋል። አንዷ ገብስ ዓይንሽ ውስጥ ብትገባ መንኮራኩሩን ማን ይነዳዋል?” አሏት። ቆሎው ወደ ቦርሳ ተመለሰ። ወላሂ፣ ሪያድ ያን ዕለት ማልቀስ ነው የቀረው!

መብራት ሲጠፋ እንኳ ፋታ የለም። እንደ ሰው ወጥቶ ሻይ መጠጣት ነበር፤ መምህር ግን በጨለማው ውስጥ “ማንም እንዳይነሳ!” ብለው ይጮኻሉ። “መንኮራኩር ውስጥ መብራት ጠፋ ብሎ ሻይ ሊጠጣ የሚወጣ አለ?” መብራቱ እስኪመጣ ሁሉም እንደ ቅጣት ተማሪ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። የሚገርመው ደግሞ መምህር ራሳቸው በዚያ ጨለማ ውስጥ ደስ ብሏቸው መቀመጣቸው ነው።

በመጨረሻ ታረቀኝ መረረው። ሶልያናን አስከትሎ ሪያድን ወደ ጓሮ ጠራው። “መናኸሪያው ጋ አዲስ ጌም ቤት ተከፍቷል፤ ድምፅ አለ፣ ፍሬን አለ፣ ቆሎ አለ” አለው። “ወይ እሳቸው ወይ እኛ። ምረጥ!”

ሪያድ ተጨነቀ። እነሱ ከሄዱ ሌላውም ተከትሏቸው ይሄዳል፤ ቤቱም ይዘጋል። ከአማኑኤል ከተማ ልጆች ጋር እሑድ ግጥሚያ ተይዞ ነበርና ከዚያ በኋላ ለመምህር ሊነግራቸው ቃል ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ንግግሩን እንደ ፈተና አጠና። “ጋሼ፣ እርስዎን ማክበሬን ያውቃሉ፤ ነገር ግን…”

እሑድ ከሰዓት በኋላ ገዳሙ የሚባል ባለሱቅ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ከአማኑኤል መጣ። ሦስት ለሦስት ነው። ጭነቱን ሩቅ ያለው ጣቢያ ቀድሞ ያደረሰ ያሸንፋል። በእንግዶቹ ደንብ ድምፅ ይከፈታል፣ ፍሬን ይሠራል፣ የሞተም ወዲያው ከመነሻው ይነሳል። መምህር ደንቡን ሰምተው “ቧልት ነው” አሉ። “ግን ይሁን። እኔ እንደ ሥርዓቴ እበራለሁ።”

ጭነቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ ታረቀኝና ሶልያና ያጅቧቸዋል። ይመስገነው፣ የአማኑኤል ጭነት ገና ከኋላ ሲንፏቀቅ መምህር ጣቢያው ደጃፍ ደረሱ። ይሄኔ ገዳሙ ታረቀኝን ከኋላ አገኘው። የታረቀኝ ሞተር ጠፋ፤ መንኮራኩሩ እየተሽከረከረ ወደ ባዶው ነጎደ።

“ኧረ የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!” ብሎ ጮኸ ታረቀኝ።

በተመታ ቁጥር እንዲሁ ይጮኻል። ሁሉም ይጮኻል። እዚያ ቤት ውስጥ ማንም እንደ ኡኡታ ቆጥሮት አያውቅም።

መምህር እንዳላማው ግን መንኮራኩራቸውን አዞሩ።

“ጋሼ! ወዴት ነው?” አለች ሶልያና።

“ሰው ጮኸ” አሉ መምህር።

“ይተዉኝ! ልሙትበት! ስሞት እነሳለሁ!” አለ ታረቀኝ። አልሰሙትም። ፍሬን ሳይነኩ፣ ሞተራቸውን ወደ ኋላ እያነደዱ፣ በዚያ በተረገመ ቀርፋፋ ሥርዓታቸው ተከተሉት። ደረሱበት፣ ተጣበቁበት፣ ነዳጃቸውን አካፈሉት። ለመመለሻ የሚሆን ለማንኛቸውም አልቀረም። ገዳሙና ጓደኞቹ እየሳቁ ጭነታቸውን አደረሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት መንገድ ማዶ ያለው ሁሉ ሰምቶታል። ታረቀኝ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

“ብሞት ኖሮ አሸንፈን ነበር! ማን አድኑኝ አለዎት?”

“አንተ ነህ ያልከው።”

“እኔማ እንዲያው አፌ ላይ መጥቶልኝ ነው! ደግሞ እኮ እነሳ ነበር!”

“ስለ ትንሣኤ ቄሱን ጠይቅ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ” አሉ መምህር። “እኔ ባደግሁበት አምበር፣ ኡኡታ ሰምቶ ማዕዱን ትቶ ያልወጣ ሰው በማግስቱ ሰው ፊት አይቆምም። የጮኸው የእውነቱን ይሁን የጨዋታውን ቤቱ ተቀምጦ የሚመረምር የለም። መጀመሪያ ይደረሳል።” ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ በረንዳው ወጡ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሪያድ ታረቀኝን አየው፤ ጊዜው ደርሷል። ታረቀኝ የባጃጁን ቁልፍ እያሽከረከረ መሬት መሬት ያያል።

“ልንገራቸው?” አለ ሪያድ።

“ምኑን?”

“ያልከውን ነዋ! ወይ እሳቸው ወይ እኛ ያልከውን!”

“አንተ ደግሞ! ሰው ተናዶ የተናገረውን ሁሉ ትይዛለህ?” አለ ታረቀኝ ተቆጥቶ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሌት ተቀን መንገድ ላይ ነኝ፤ ስንቴ ተገልብጬ ስንቱ አይቶኝ አልፏል። ተዋቸው በቃ።”

ሪያድ የባሰ ተናደደ። ሳምንት ሙሉ ያጠናውን ምን ሊያደርገው ነው? ወደ በረንዳው ወጣ። መምህር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

“ጋሼ፣ እርስዎን ማክበሬን ያውቃሉ።”

“አውቃለሁ።”

“ነገር ግን…” ቀሪው ጠፋበት። ሳያስበው ሌላ ነገር ከአፉ ወጣ። “እኔ ብጮኽስ ኖሮ ይመጡ ነበር?”

“ከየት ሆነህ?”

“ከየትም ሆኜ።”

መምህር መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ ላይ እያዩ ረዘም ላለ ጊዜ አሰሉ። “መምጣቱን እመጣለሁ” አሉ። “ርቀቱን ሳላውቅ ግን በጊዜ እደርሳለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ልዘገይ እችላለሁ።”

ልዘገይ እችላለሁ! ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሰውን ደስ ማሰኘት የማያውቁ ሰው! ሌላ ሰው ቢሆን “ምን ጥርጥር አለው፣ ከመቅጽበት እደርስልሃለሁ” ይለው ነበር፤ ሳይመጣም ይቀር ነበር።