የአትላባራው ሶኬት አጣሪ ኮሚቴ

ጁባ፣ አትላባራ ሠፈር ያለው የእነ ናሁሰናይ ግቢ የሠለጠነ ግቢ ነው። ስድስት አበሻ ተከራይ ይኖርበታል፤ ስድስቱም ኮሚቴ ናቸው። ኮሚቴው ማኅተም፣ መዝገብና ገመድ አልባ ማይክሮፎን አለው። ሲሰበሰቡ ጉልበታቸው ይነካካል፤ ማይኩ ግን ለጉዳዩ ክብደት ሲባል የግድ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት፣ የእትዬ ወርቅውሃ ፍሪዘር ጸጥ አለ። ውስጡ ለበዓሉ የተገዙ አሥራ አራት ዶሮዎች አሉ። ሁለት ወር ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጾም የጾመ ግቢ ዓይኑን የጣለው እነሱ ላይ ነው፤ የጁባ ሙቀት ደግሞ ጾም አያውቅም። በአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ኤሌክትሪሻን የሆነው ናሁሰናይ ጄኔሬተሩን አጥፍቶ የተቃጠለውን ሶኬት በሩብ ሰዓት ቀየረ።

«አሁን ለክቼ ልሰካው» አለ።

«ብቻህን?» አሉ ሰብሳቢው ጋሼ ብርሃነመስቀል። «ልኬት ታዛቢ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የመክፈቻ ንግግር አለ።»

ናሁሰናይ የቮልት መለኪያ ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ወደ ጓሮ ሄደ። ንግግሩ እዚያም ተከተለው። ጋሼ ብርሃነመስቀል መብራት ለሰው ልጅ ከዋለው ውለታ ተነስተው ኮሚቴው ወዳጋጠሙት ተግዳሮቶች ሲሻገሩ ማይኩ ተንተባተበና ጠፋ። ናሁሰናይ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስ አለው። ሲመለስ ግን ማይኩ ነፍስ ዘርቷል፤ እንዲያውም ከቅድሙ ብሶበታል።

ሶኬቱን ለካ። ቴስተሩ 286 ቮልት አለ። ደገመ፤ 311። ሠለሰ፤ 264። መሆን የነበረበት 220 ነው።

«ሶኬቱ አቋም የለውም» አሉ ሰብሳቢው በማይኩ። ጸሐፊዋ ዝማሬ መዘገበች።

ናሁሰናይ ላብ በላብ ሆነ። የወጥ ቤቱን ሶኬት ለካ፤ 302። «ይሄ እውነት ቢሆን አምፖሉ እስካሁን ይፈነዳ ነበር። ይኸው በሰላም በርቷል» አለ።

«አምፖሉ የኮሚቴው አባል አይደለም» አሉ ጋሼ ብርሃነመስቀል።

እትዬ ወርቅውሃ ከፍሪዘሩ ሥር የሚወርደውን ውሃ በጨርቅ እየጠረገች፣ «በናታችሁ ስኩልኝ፤ ዶሮዎቹ እየላሉ ነው» አለች።

«ፍሪዘሩ ቢቃጠል ማን ይጠየቃል?»

ማንም መጠየቅ ስላልፈለገ ድምፅ ተሰጠ። የሶኬቱ ቮልት በአራት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ 275 እንዲሆን ተወሰነ። በ275 ፍሪዘር መሰካት አደገኛ በመሆኑም ዶሮዎቹ በትዕግሥት እንዲጠባበቁ መመሪያ ተላለፈ።

ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው ናሁሰናይ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ቴስተሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከቁጥሩ ጥግ ትንሽዬ የባትሪ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። ባትሪው የደከመ ቴስተር ያሻውን ቁጥር ይቀባጥራል፤ ይህን ገና ተማሪ ሳለ ነው ያወቀው።

«ትናንት እኮ ነው አዲስ ባትሪ ያስገባሁት» እያለ ጀርባውን ፈታ። የወጣው ባትሪ አሮጌ ነው። ጎኑ ላይ በጋሼ ብርሃነመስቀል የተዋበ የእጅ ጽሑፍ «የኮሚቴው ንብረት፣ ቁጥር 4፣ የማይክ» ይላል።

ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«ለጊዜው ነው ያቀያየርኩት» አሉ፣ አሁንም በማይኩ። «ታዲያ ንግግሩ ይቋረጥ?»

ናሁሰናይ ማይኩን በሁለት እጁ በአክብሮት ተቀብሎ አዲሱን ባትሪ ወደ ቴስተሩ መለሰ። 221። ሦስት ጊዜ ለካ፤ ሦስቱንም ጊዜ 221። እትዬ ወርቅውሃ ውሳኔ አልጠበቀችም። «ካላስ፣ በቃ!» ብላ ሰካችው፤ ፍሪዘሩ ማጉረምረም ጀመረ። ዶሮዎቹ ዳር ዳራቸው ብቻ ነበር የላላው።

ጋሼ ብርሃነመስቀል ፈጽሞ አልደነገጡም። «የኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት ፍሬ አፍርቷል» አሉ። «ዝማሬ፣ የብልሽቱን መንስኤ ያልታወቀ የቴክኒክ ችግር ብለሽ ጻፊ።»

«ጽፌ ማኅተም መትቼበታለሁ፣ ጋሼ» አለች ዝማሬ፤ መዝገቡንም ዘርግታ አሳየቻቸው። «የብልሽቱ መንስኤ፦ የመክፈቻ ንግግር» ይላል።

ጋሼ ብርሃነመስቀል ማስተካከያ ሊያሰሙ ማይኩን አንስተው አፋቸው ላይ ደገኑ። ባትሪ የለውም። የተሰማው የፍሪዘሩ ድምፅ ብቻ ነበር።