የማይበላው እንግዳ

ርዕሰ መምህር ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቢሮው ተፈልጎ የማይገኝ፣ ወይ ባልተፈለገበት ሁሉ የሚገኝ። ክቡር ርዕሰ መምህር ጃለታ ሁለተኛው ነበሩ። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ዛሬ የባዮሎጂ መምህርት የሆነችው ኑራ ባቢከር ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ትመሰክራለች።

ኑራ እሳቸውን ስታስብ ቀድሞ የሚመጣባት ግራጫ ኮታቸው ነው። የመጋቢት ሙቀት ውሻውንም ሰውንም ከማንጎ ጥላ ሥር ሲዘርር፣ እሳቸው ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ግቢውን ይዞሩ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣባት ሞተራቸው ነው። ከሩቅ ስለሚጮህ ከትምህርት የቀረ ሁሉ አስቀድሞ ይሰወራል። ይህን የደረሱበት ዕለት ዳገቱ ጫፍ ላይ አጥፍተውት ቁልቁለቱን በዝምታ መውረድ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ፎራፊ ሰላም አላገኘም።

"ምክንያትማ ማን አጣ? ደብተርህን አሳየኝ" ይላሉ። አክስቴ ሞተችብኝ ላለ ልጅ ደግሞ ኮታቸውን አራግፈው ለቅሶ ይደርሱታል። በዚህ የተነሳ በዚያ ትምህርት ቤት ዘመድን ያለ ቀኑ መግደል አደገኛ ነበር።

የኑራ የክፍል ጓደኛ ሙንታሲር አንድ ሰሞን ወርቅ ለማጠብ ወንዝ ወርዶ ቀረ። ክቡርነታቸው ተከትለውት ወረዱ። አልተቆጡም፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና የወርቅ ማጠቢያ ገበታውን ተቀብለው ሲያጥቡ ዋሉ። ፍንጣሪ እንኳ አልወጣም።

"አየህ ሙንታሲር፣ እኔም ፈልጌ አጣሁ" አሉት ወገባቸውን ይዘው። "ነገ የሒሳብ ፈተና አለ። እዚያ እንሞክር።"

ሙንታሲር ዛሬም ሲያወራው ይስቃል። የሳቸውን ወገብ አይቶ አዝኖ እንጂ ለሒሳብ ብሎ እንዳልተመለሰ ይምላል።

ኑራ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ግን ሳቅ የማያውቅ ነገር መጣ። እናቷ ታመው ተኙ፤ አባቷ አቶ ባቢከርም ሱቁን የሚጠብቅ ሰው አጡ። ማንበብ ታውቃለች፣ መደመር ታውቃለች፣ ይበቃታል ብለው አስቀሯት። ኑራ ከጨው ጆንያው ጀርባ ተቀምጣ፣ ደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች ሲያልፉ እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር።

ሞተሩ በምሳ ሰዓት መጣ። አቶ ባቢከር እንግዳቸውን በክብር አስቀምጠው የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር አቀረቡ። ጃለታ እጃቸውን ታጠቡ፣ አመሰገኑ፣ አልነኩትም።

"ኑራ ክፍል የገባች ዕለት እበላለሁ" አሉ። እስኪመሽ ተቀምጠው ሄዱ። በማግስቱም መጡ።

እንግዳ ጦሙን የሚወጣበት ቤት ምን እንደሚባል አገር ያውቃል። አቶ ባቢከር አሰቡ አሰቡና ነገሩ የተገለጠላቸው መሰላቸው፤ ሰውዬው ክርስቲያን ናቸው፣ የእስላም ቤት ድስት ፈርተው ይሆናል። ስለዚህ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ኢተፋን ለመኑ። ኢተፋ በገዛ ቤቱ ዶሮ አረደ፣ ሚስቱ ሠራችው፣ ተሸፍኖ መጣ።

"ኡስታዝ፣ ይሄ የናንተ እርድ ነው። ብላ" አሉ አቶ ባቢከር። መምህርን ኡስታዝ ነው የሚሉት።

"አቶ ባቢከር፣ ዶሮው ምን አደረገ? እኔ የቸገረኝ ኑራ ናት።"

አባቷ ያን ጊዜ ከቤት ወጥተው ሄዱ። ኑራ ነገሩ በዚህ አለቀ፣ አሁን ጭራሽ እልህ ይገባሉ ብላ አለቀሰች። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ግን ደንብ ልብሷን ራሳቸው አንስተው ሰጧት። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፤ እሷም እንዳይጸጸቱ ፈርታ አልጠየቀችም።

የዚያን ዕለት ምሳ አቶ ባቢከር ቢስሚላህ ብለው በገዛ እጃቸው ፍየል አረዱ። ጃለታም ጎረቤት ሁሉ እያየ በሉ። ለብዙ ቀን የተራበ ሰው አበላል በሉ።

ወሬ ውሎ አያድርም። "ጃለታ ሰለመ" ተባለ። ባለቤታቸው ሜቲ ገበያ ላይ ሰምታ ቅርጫቷን ጥላ መጣች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ጠርተው ሲጠይቋቸው፣ "ፍየሉ ሃይማኖቱን አልነገረኝም" አሉ። ቀልዱን የወደደላቸው አልነበረም። ከአምልኮ በኋላ ሰላም የሚሏቸው ሰዎች ለብዙ ጊዜ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አለፉ። ኑራ ይህን ከሜቲ የሰማችው መምህርት ከሆነች በኋላ ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን ትንፍሽ አላሉም።

ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። በመሸኛው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ባለሥልጣኑ ሁሉ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ አቶ ባቢከር ሳይጋበዙ ተነሱ። ኑራ ያን ሁሉ ዓመት አባቷ ተሸንፈው እንጂ ወደው እንዳልለቀቋት ነበር የምታምነው፤ ያም ሽንፈት አሁን ሰው ፊት ሊወጣ ነው ብላ ፈራች።

"እኔ አማርኛ ብዙ አይችልም" አሉ አባቷ። "ይሄ ሰውዬ እኔ ቤት መጣ፣ አልበላም አለ። ሰው፣ ባቢከር ስድብ ፈርቶ ልጅ ለቀቀ ይላል። ውሸት ነው። እኔ ነጋዴ ነው፣ ስድብ ለምዷል።"

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ዶሮ እንቢ ያለ ቀን፣ ማታ ለኔ ራት መጣ። አልወርድ አለኝ። ይሄ ሰውዬ ዘመድ አይደለም፣ ለኔ ልጅ ብሎ ራበው። እኔ አባት ነው፣ እስከዚያ ቀን ጠግቦ ተኛ። ያኔ አፈርኩ።" ወደ ጃለታ ዞሩ። "ኡስታዝ፣ ልጅ የኔ ነው። ግን መጀመሪያ ያየው አንተ ነህ።"

ኑራ ተነስታ፣ የራሷ ተማሪዎች እያዩአት፣ ሄዳ የአባቷን እጅ ሳመች።