የእትዬ ለተብርሃን ክብ ምላጭ

ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሰው መሣሪያ እያየ፣ ሳይነካ የሚያልፍ ባል አለ ይባላል። እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። ወንድ ልጅ መዶሻ ካየ ምስማር ይፈልጋል፤ ምስማር ካጣ ደግሞ ድሮ የተመታውን እንደገና ይመታል። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ትንሽ ግን ቢያወጣኝ አልጠላም።

ባለቤቴ ጽጌ ሴት ልጅ ወለደች። የክርስትና እናት ይሁኑልን ብለን የለመንናቸው እትዬ ለተብርሃንን ነው። እትዬ እዚሁ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው ይኖራሉ። አስመራ ተወልደው አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ዴንቨር ውስጥ በአንድ ሆቴል የስፌት ክፍል መጋረጃና አንሶላ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እሳቸው ጡረታ ወጡ ማለት ግን የስፌት መኪናቸው ጡረታ ወጣ ማለት አይደለም።

ለሰማንያ ቀኗ ክርስትና ኩዊልት እሠራላታለሁ አሉ። ኩዊልት ማለት፣ ለማያውቀው፣ ደህና ጨርቅ ተቆራርጦ መልሶ የሚገጣጠምበት የብርድ ልብስ ነው። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ተቆረጠ? እኔም ጠይቄ ነበር፤ መልሱ ረጅም ነው።

ነጩን ጨርቅ የሰጠችው ጽጌ ናት፤ የሟች እናቷን ነጠላ። አማቴ የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ነው ያረፉት። ጽጌ «እማዬ ባታቅፋት ነጠላዋ ይቀፋት» ብላ ከሻንጣ ስታወጣው እኔም ዘወር ብዬ ዓይኔን ጠርጌያለሁ። እትዬ ለኩት፣ ደግመው ለኩት፤ ልክ ሃያ ቁራጭ ይወጣዋል፣ ሃያ አንደኛ የለም አሉ።

መቁረጫውን ለመግዛት ሃቫና ስትሪት አካባቢ ወዳለ የጨርቅ ሱቅ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። እኔ መቀስ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የፈለጉት ሮታሪ ከተር የሚባለውን ነው፤ እጀታ ጫፍ ላይ የምትሽከረከር ክብ ምላጭ። መተዳደሪያዬ አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ስለሆነ፣ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ይመለከተኛል ብዬ ትልቁን አንስቼ አቀበልኳቸው። ትልቁ ብዙ ድርብ ጨርቅ ባንድ ጊዜ ለሚቆርጥ ነው፣ ትንሿ ለጠማማ መስመር ናት፣ ለሁሉ የምትሆነው መካከለኛዋ ናት ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እጀታዎቹን አንድ በአንድ ጨበጡ። ለምን ይጨፍናሉ ስላቸው፣ ዓይን ቀለም ይመርጣል፣ ሥራ ሲውል የሚያመው ግን እጅ ነው አሉኝ። መዝጊያው ጠቅ ብሎ ያልዘጋውን ሁሉ መልሰው ሰቀሉት። እኔ መኪናዬን ስገዛ እንኳ ይህን ያህል አልመረመርኩም፤ ለዚህ ይሆናል ያለችኝ መኪና ያለችኝ።

አያያዛቸውን ደግሞ ባያችሁ! ሥራ ሲጨርሱ ብሎኗን ፈትተው፣ ክፍሎቹን እንደ አፈታታቸው ደርድረው፣ ከምላጯ ሥር የገባውን ብናኝ በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋሉ። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፤ ሁለተኛ የለም። ብሎኗን ሲመልሱ ጠበቅ ያደርጓታል እንጂ አያንቋትም፤ ከታነቀች አትዞርም። ለአፍታም ቢሆን ከእጃቸው ካስቀመጧት ምላጯን ይዘጋሉ፤ ስፒል ባለበት ጨርቅ ላይ አያስኬዷትም፤ ወረቀት ሊቆርጥባት ያሰበ ሰው ካለ ሐሳቡን ፊቱ ላይ ያነቡታል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ አያያዝ ምን እንደሆነ ያየሁት ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀናሁባቸው።

ጠረጴዛው የእኛ ነበር፤ ሰፊ ስለሆነ ዕቃቸውን እኛው ቤት ትተው ይሄዳሉ። በዚህ ሁሉ ታሪክ የሳቸው ስህተት ይቺ ብቻ ናት።

ለክርስትናው ዳቦ ቆሎ ማን ይሥራ ሲባል፣ ጽጌ አራስ ናትና፣ እኔ አለሁ አልኩ። ማንም አልለመነኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄንን። ሊጡን በበርበሬና በዘይት ለውሼ እስካቦካ ድረስ ጀግና ነበርኩ። ዳቦ ቆሎ ሰውን የሚፈትነው ግን ቆረጣው ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት በቢላ ቆርጬ ባየው፣ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ ባቄላ አክሏል። ቀና ስል ክቧ ምላጭ ከማስመሪያዋ ጋር ቁጭ ብላለች።

ምን ልበላችሁ! ሊጡን ዳመጥኩ፣ ማስመሪያውን ጫንኩ፣ ምላጯን ለቀቅኳት። ቁመቱን ቆርጬ አግድሙን ስደግመው፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ ዳቦ ቆሎ ሦስት ትሪ ሞላ። እናቶቻችን ስንት ዘመን በቢላ ሲደክሙ አንድ የሚያስብ ወንድ አጠገባቸው አልነበረም ወይ ብዬ ለብቻዬ ኮራሁ። ደግሞም ጨዋ ነኝ፤ የእትዬን የመቁረጫ ምንጣፍ ሳልነካ የወጥ ቤት መክተፊያ ላይ ነው የቆረጥኩት። ስጨርስ በሳሙና አጠብኳት፣ ላይ ላዩን ጠረግኳት፣ መዝጊያዋንም ጠቅ አድርጌ ቦታዋ መለስኳት። ምን ጎደለ?

በማግስቱ ጠዋት እትዬ መጡ። ነጠላው ሳስቶ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ለጥፈውለታል። ጽጌ ልጅቷን ታቅፋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ማስመሪያውን በግራ እጃቸው ተጭነው ምላጯን ወደ ፊት ገፏት። ትንሽ ሄዳ ዘለለች፤ ክሩን በመቁረጥ ፈንታ ጎተተችው። ማስመሪያው ሲነሳ ነጠላው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ጽጌ እጃቸውን የቆረጡ መስሏት ጮኸች። እትዬ መስመሩን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱና በርበሬ ነው አሉ።

ቤቱ ውስጥ ሦስት አዋቂዎች ነበርን። ሁለቱ እኔን አዩ።

ብሎኗ ስትፈታ ከምላጯ ሥር የደረቀ ሊጥ ወጣ፤ ዝገትም ጀማምሯታል። ጽጌ «የእማዬን ነጠላ!» ብላ አለቀሰች። አፌን ስከፍት ደግሞ ሶሪ እንዳትለኝ አለች፤ ያዘጋጀሁት ቃል እሱ ብቻ ነበር። አፈርኩ። ቀልዱን ልተወውና፣ ያን ቀን ከልቤ አፈርኩ።

እትዬ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የሠራኸውን አምጣው አሉኝ። ትሪውን ሳቀርብ ሦስት ፍሬ አንስተው ማስመሪያው ላይ ደረደሩ፣ ለኩ፣ አንዷን ቀመሱ። ከዚያ «እጅህስ ቀጥ ያለ ነው፤ የጠመመው ጭንቅላትህ ነው» ብለው አዲስ ምላጭ ገጠሙ። አሮጌዋን በፕላስተር ጠቅልለው በጣሳ ከተቷት፤ ቆሻሻ የሚያነሳውም ሰው እጅ አለው አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት እንዴት ቀና ይባላል?

አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ዳነ። ሃያኛውስ ብላ ጽጌ ስትጨነቅ፣ እትዬ አይዞሽ፣ ምትኩ ከዚሁ ቤት ይገኛል አሏት። እኔም ከማንም በላይ ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።

ሰማንያ ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ኩዊልቱ ሲዘረጋ ጽጌ ፊቷን ቀበረችበት፤ የእማዬ ጠረን አለው አለች። ልጅቷን ጠቀለልንበት። እኔ ነጮቹን ቆጠርኩ፤ ሃያ። አንዱ ከሌሎቹ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ሆኖም በዚህ በኩል መብቴ የተገፈፈ ሰው ስለሆንኩ አልተናገርኩም።

ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ያስቀመጥኩትን አዲሱን ነጭ ሸሚዜን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ኮሌታው ተተኩሷል፣ ቁልፎቹም አሉ። ስገለብጠው ጀርባው መሃል መስኮት ተከፍቶበታል። ወደ ሳሎን ብቅ ስል እትዬ ልጅቷን እንዳቀፉ፣ ኮትህን ሳታወልቅ ዋል አሉኝ።

አላወለቅኩም። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲሞቅ፣ እንግዳው ሁሉ ዳቦ ቆሎዬን እያነሳ በምን ቆረጥከው ሲለኝ፣ ላቤን እየጠረግኩ በቢላ አልኩ። ማታ ግን ሸሚዙን መብራት ላይ ይዤ አየሁት። አራቱም ጎኑ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ አንድ ክር እንኳ ያልተንጠለጠለበት። ሊጥ ያልነካው ምላጭ እንዲህ ነው የሚቆርጠው።