በነጠላ ሥር የጨመቀኝ እጅ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስትሰበሰቡ ምን ትሠሩ ነበር?» ብለው ያዙኝ። ምን እንሠራለን? ዝም ማለትን እንማር ነበር!

አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። አሰበ ተፈሪ ላይ ሰው ሁሉ በቅንድቡ በሚያወራበት ዘመን፣ ለውትድርና የሚታፈሱትን ልጆች ስም ትጽፋለች እየተባለች የምትፈራው የሴቶች አደራጅ፣ ያለ ቃል መግባባትን ላሠልጥናችሁ ብላ መጣች። የምታውቁትን ላስተምራችሁ የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? የሚኤሶ የከብት ደላላ በጋቢ ሥር በጣቱ ዋጋ ሲነጋገር የኖረው ማን አሠልጥኖት ነው?

እኔ ደግሞ ልጄን ታዬን ቤት ደብቄዋለሁ።

ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ ነጠላችንን ፊታችን ላይ ጣልን፤ እጅ ለእጅ ተያያዝን። አንዴ መጭመቅ «ሰላም ነው»፣ ሁለቴ መጭመቅ «ተነስተሽ ሂጂ» ማለት ነው ተባልን። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ያ ሁሉ ሴት ተቀምጦ ትንፋሽ አይሰማም፤ ሁላችንም የሞትን መሰለኝ። ሰላምታው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ድንገት በግራዬ፣ ጎረቤቴ ፋጡማ በተቀመጠችበት በኩል፣ በረዶ የመሰለ እጅ ጥፍሩ እስኪሰማኝ ሁለቴ ጨመቀኝ።

የታዬ ነገር መሆኑ ገባኝና ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ታዬን ማሽላ በጫነ መኪና ወደ ሚኤሶ ሸኘሁት። አቧራው ሳይበርድ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ቤቴን ከበቡት።

ፋጡማን ለማመስገን የደፈርሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

«ወላሂ የታዬ እናት፣ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። «ፊታችሁን እንደሸፈናችሁ አደራጇ ትከሻዬን ነክታ አስነሳችኝና በእኔ ቦታ ተቀመጠች።»