ለምድር ሲባል የተሰጠ ስልክ

[ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ሚጢ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የደንበኛ ሱሪ ታሳጥራለች። ሁሉን አውቃለሁ የሚለው ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። የእሷም የእሱም ስልክ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ተቀምጧል።]

ጋሼ፦ ስልክሽ አላረጀም አትበይኝ። አርጅቷል።

ሚጢ፦ ቀርፈፍ አለ እንጂ አላረጀም። እኔም ጠዋት ጠዋት እንደዚሁ ነኝ።

ጋሼ፦ አንቺን የሠራ ድርጅት የለም። ይሄን የሠራው ድርጅት ግን ሆን ብሎ ነው ያንቀራፈፈው። አዲስ ስልክ ባወጣ ቁጥር በአፕዴት አሳቦ አሮጌውን ያደክመዋል፤ ሰው ተማርሮ አዲሱን እንዲገዛ።

ሚጢ፦ እና አንተ ይሄን ስታውቅ ምን አደረግህ?

ጋሼ፦ ተማርሬ ገዛሁ።

ሚጢ፦ አሃ።

ጋሼ፦ እኔ ግን አውቄ ነው የገዛሁት። ሌላው ሳያውቅ ነው የሚገዛው።

ሚጢ፦ የእኔን ወስደህ አታስጠግንልኝም?

ጋሼ፦ ሱቃቸው ገብቼ ከሻጩ ጋር ስጨቃጨቅልሽ ነበር እኮ። ባትሪው ብቻ ይቀየርላት ስለው፣ በሙጫ የታሸገ ነው፣ አይከፈትም አለኝ። ሌላ ሰው ይክፈተው ስለው፣ ሌላ ሰው ከነካው ዋስትናው ይነሳል አለኝ። የስልኩን መለያ ቁጥር አይቶ ደግሞ፣ ለነገሩ ዋስትናውም አልፎበታል አለኝ።

ሚጢ፦ ምን አድርጎ ነው?

ጋሼ፦ ማን?

ሚጢ፦ ስልኬ። ምን አጥፍቶ ነው ዋስ የተጠየቀው?

ጋሼ፦ የፍርድ ቤት ዋስትና አይደለም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተበላሸ እኛ አለን የሚሉት ነው።

ሚጢ፦ አሁን የሉም?

ጋሼ፦ አሉ። ለአንቺ ግን የሉም።

[ሚጢ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሌላኛውን እግር ትጀምራለች።]

ጋሼ፦ ስለዚህ በክብር እናሰናብተው። እዚህ ማዶ፣ ሱቃቸው በር ላይ፣ ቅጠል የተሳለበት አረንጓዴ ሳጥን አለ። አሮጌውን እዚያ ትከቺዋለሽ፣ አዲሱን ስትገዢ ይቀንሱልሻል፣ የካርቦን አሻራሽም ያንሳል።

ሚጢ፦ ካርቦንማ ከተውኩ ቆየሁ፤ ጨርቅ ያበላሻል። አሁን የማሰምረው በጠመኔ ነው።

ጋሼ፦ ያ ወረቀቱ ነው። እኔ የምልሽ ጭሱን ነው።

ሚጢ፦ ስልኬ ያጨሳል?

ጋሼ፦ ፋብሪካው ነው የሚያጨሰው። እኛ ዕቃ በገዛን ቁጥር እዚያ ጭስ ይወጣል።

ሚጢ፦ ታዲያ ባልገዛ ጭሱ አይቀርም?

ጋሼ፦ ነገሩን ከመሃል አትጀምሪብኝ።

ሚጢ፦ እሺ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ያደርጉታል?

ጋሼ፦ መልሶ መጠቀም ይባላል።

ሚጢ፦ [ፊቷ ፈታ ይላል] እንደሱ ነው እንዴ። ይሄን ቀድመህ ብትለኝ መች እጨቃጨቅሃለሁ። ውሰደው በቃ።

[ጋሼ ሐሳቧን ሳትለውጥ ብሎ ሁለቱንም ስልኮች ለቀም አድርጎ ይወጣል። የሱሪው ስፌት ሳያልቅ እጁን እያራገፈ ይመለሳል።]

ጋሼ፦ አለቀ። የአንቺን ቁጥር ማሽኑ ላይ ጻፍኩ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ጣልኩት፣ ተዘጋ። ዛሬ ለምድር አንድ ነገር ሠራሽ።

ሚጢ፦ ተባረክ። መቼ ይመልሱታል?

ጋሼ፦ ምኑን?

ሚጢ፦ ስልኬን ነዋ። መልሶ መጠቀም አላልከኝም? እነሱ ሲመልሱ እኔ እጠቀማለሁ።

ጋሼ፦ ሚጢ፣ ስልኩ አይመለስም። ይፈጩታል። መዳቡን ለብቻ፣ መስታወቱን ለብቻ ለይተው ሌላ ዕቃ ይሠሩበታል።

[ሚጢ መኪናዋን ታቆማለች። ሱሪው ከጭኗ ላይ ተንሸራቶ ይወድቃል፤ አታነሳውም።]

ሚጢ፦ አባባ እዚያ ውስጥ ነበር።

ጋሼ፦ አባባ?

ሚጢ፦ ማንኮራፋቱ። እኔ ጋ በነበረ ጊዜ፣ አላንኮራፋም ብሎ ድርቅ ሲልብኝ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንደተኛ ቀረጽኩት። ሲነቃ አሰማሁት። ይሄማ የጎረቤት ወፍጮ ነው አለኝ። ካረፈ ወዲህ፣ ሥራ ሲበዛብኝ ከፍቼው እሰፋለሁ። መሃል ላይ ያቆምና፣ ‘ሚጢ፣ በሩን ዝጊው’ ብሎ ይቀጥላል።

[ጋሼ ወንበሩን ወደ እሷ ያስጠጋል።]

ጋሼ፦ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?

ሚጢ፦ ይመለሳል ብዬ ነዋ።

ጋሼ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገር እንደማይገባሽ እያወቅሁ። ቆይ፣ ሳጥኑን መኪና ሳይጭነው ልደውልላቸው። [ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ይጠራል። አውጥቶ ያየዋል።] ‘ባለ ቡኒ ቀሚሷ’ ይላል። እኔ እንዲህ የምትባል ሴት አላውቅም።

ሚጢ፦ [ቀና ብላ] አንሳው እስቲ።

ጋሼ፦ አቤት... ክንዱ ጠበበዎት? እኔ የእርስዎን ክንድ የት አውቄው፣ እመቤቴ... አይ፣ ነገም አይደርስም፣ ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም። [ይዘጋል] እንኳን ባለቤቴ አጠገቤ አልነበረች።

ሚጢ፦ ጋሼ፣ የያዝከው የእኔን ነው።

ጋሼ፦ ያንቺን በገዛ እጄ ሳጥን ውስጥ ጥዬዋለሁ።

ሚጢ፦ ታዲያ ባለ ቡኒ ቀሚሷን አንተ ጋ ማን መዘገባት?

ጋሼ፦ ድርጅቶቹ ናቸዋ። የሰውን መረጃ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ። ሰው አይሰማኝም እንጂ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

ሚጢ፦ እሺ፣ ያንተ የት አለ?

[ጋሼ የሱሪ ኪሶቹን ይዳብሳል። የደረት ኪሱን ይዳብሳል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ያነሳሳል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።]

ጋሼ፦ አዲሱን ሲሸጡልኝ መልኩ ከድሮው ጋር በምንም አይገናኝም ብለውኝ ነበር።

[ሚጢ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ትከፍተዋለች። ቤቱ በከባድ ማንኮራፋት ይሞላል። ድንገት ጸጥ ይላል፤ የሽማግሌ ድምፅ ‘ሚጢ፣ በሩን ዝጊው’ ይልና ማንኮራፋቱ ይቀጥላል። ጋሼን ሳቅ ያመልጠዋል። ያገኘውን ቁራጭ ጨርቅ አንስቶ ዓይኑን ይጠርጋል።]

ጋሼ፦ እውነትም ወፍጮ ነው።

[ስልኩ ‘ጢን’ ይላል። መልእክት ገብቷል።]

ሚጢ፦ ከድርጅቱ ነው። [ፊደል በፊደል ታነባለች] ‘ክቡር ደንበኛችን፣ ያስረከቡንን ስልክ መርምረናል። ጊዜው ያለፈበት ሞዴል በመሆኑ ቅናሽ አያሰጥም፤ ተመላሽም አይሆንም። ለምድር ስላሰቡ እናመሰግናለን።’

ጋሼ፦ ባለፈው ወር እኮ ነው የገዛሁት።

ሚጢ፦ [ከልቧ አዝና] ውይ ጋሼ። አርጅቶ ሲሸጡልህ ዝም አልካቸው?

ጋሼ፦ ተይኝ እስቲ፣ ሚጢ። አባባን ድገሚልኝ።