ደህና ነኝ ያለች ሚዳቋ

«ልጄ፣ "እንዴት ነሽ?" ላለሽ ሁሉ ቁስልሽን አትዘርጊ። ደህና ነኝ፣ ተመስገን በዪና እለፊ። የጨዋ ልጅ እንዲህ ነው።»

ይህን ያለቻት እናቷ ነበረች። ያኔ ስንዱ ከእናቷ ሆድ ሥር የምትከለል ግልገል ነበረች። እናቷም ይህን ስትናገር ጎኗ ላይ እሾህ የገባበት ቁስል ይመግል ነበር፤ ጎረቤት ባለፈ ቁጥር ግን ቀና ብላ «ደህና ነኝ» ትል ነበር።

ነገሩ የሆነው እንስሳት መናገር ብቻ ሳይሆን ማህተምም ይመቱ በነበረበት ዘመን፣ ዛሬ ባዶውን በቀረ አንድ ጫካ ውስጥ ነው። ሚዳቋዋ ስንዱ አድጋ ምጥን የሚባል ግልገል ወልዳ ነበር። የዝንጀሮዎቹን ትምህርት ቤት ከሦስተኛ ክፍል ትታ ስለወጣች ፊደል የምታነበው እየቆጠረች ነው። ብዙ አትናገርም፤ ጆሮዎቿ ግን አያርፉም።

በዚያ ጫካ ከመንደር ወደ ወንዝ ተሳፋሪ የሚያመላልስ አውራሪስ ነበር። ጉልበቱ እንጂ ዓይኑ አያስመካም። ቀንዱ ላይ ግን ከሩቅ የምትታይ ቢጫ ቅጠል ተለጥፋለች፤ ይህ አውሬ መድን ገብቷል ማለት ናት። ቅጠሏን የሚሰጠው የጅቦች መድን ቤት ነው። የሚሮጥ ትልቅ አውሬ ሁሉ በየዓመቱ ማርና ቀርከሃ ለመድን ቤቱ ያስገባል፤ አንዱ ሌላውን የረገጠ ቀን ደግሞ መድን ቤቱ ከጎተራው አውጥቶ የተረገጠውን ያሳክማል። የሚያነክስ ባየ ቁጥር ምራቁ የሚሞላ ጅብ የተሰበረ እግር ጠባቂ ሆኖ ሲሾም፣ «እንዴት ነው ነገሩ?» ያለ አንድ እንስሳ አልነበረም። ሁሉም አጨበጨበ። ቅጠሏ ታምራለቻ!

አንድ ጠዋት ስንዱ ምጥንን አስከትላ ጥርጊያውን ስትሻገር አውራሪሱ ከመታጠፊያው ዱብ አለ። ልጇን በግንባሯ ገፍታ አሻገረችው። የኋላ እግሯን ለማሻገር ግን አልደረሰችም። ቋ አለ።

አውራሪሱ ቆመ። ጀርባው ላይ የተሳፈሩት ዝንጀሮዎች «ኧረ ረፈደብን!» እያሉ ይንጫጫሉ።

«ውይ እህቴን! ደህና ነሽ?» አላት።

ስንዱ አቧራው ላይ እንደተጋደመች «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለች። ሌላ ምን ይባላል?

«እንኳን ተረፍሽ! ደግሞ መድን አለኝ፣ ምንም አታስቢ» አለና ቀንዱን ነቅነቅ አድርጎ ቅጠሏን አሳያት። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

ወጌሻዋ እመት ጦጢት እግሩን ዳበሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ስሚኝ ልጄ፤ ይህ እግር ይቃናል። ግን እስከ አሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠሞ ይገጥማል፤ ጠሞ ከገጠመ እንኳን እኔ አያቴም ከመቃብር ብትነሳ አትመልሰው። የማስርበት የቀርከሃ ስንጥር ነው። የጫካው ቀርከሃ ደግሞ ተለቅሞ ጅቦቹ ጎተራ ገብቷል። ሂጂና ደብዳቤ አጽፈሽ ነይ።»

«ባይሰጡኝስ?»

«ምነው አይሰጡሽ? መድን አይደሉ?» አለችና በአፍንጫዋ ሳቀች። «ብቻ መሮጥ የማትችል ሚዳቋ ምን እንደምትሆን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እነሱም ያውቃሉ።»

በማግስቱ ስንዱ በሦስት እግሯ እየነጠረች መድን ቤቱ ደረሰች። በመስኮቱ በኩል የሚያስተናግደው ጉሬዛ ነው፤ ሲፈጠር ጀምሮ ጥቁርና ነጭ ስለለበሰ ለቢሮ ሥራ የሚስተካከለው አልተገኘም። ስንዱን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እንደምን አደሩ፣ እመት ስንዱ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን።»

«ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«ልጅዎስ?»

«እሱም ደህና ነው፣ ተመስገን።»

ጉሬዛው ብዕሩን እየነከረ ሁሉንም ጻፈ። ስንዱ ገረማት። ስንት ጊዜ በስንት በር ተመናጭቃ ተመልሳለች፤ ሰላምታዋን እንኳ የሚመዘግብ ጨዋ ግን አይታ አታውቅም። ማታ ለእመት ጦጢት ይህንኑ ነገረቻት።

ጉሬዛው በሁለተኛው ቀን የአውራሪሱን ቃል አምጪ አላት፤ አመጣች። በአምስተኛው ቀን ሦስት ምስክር አለ። ዝንጀሮዎቹ «እኛ ጀርባው ላይ ነበርን፣ ከሆዱ ሥር የሆነውን በምን እናይ?» ብለው ዛፍ ላይ ወጡ፤ ለምና ለምና ሦስት ወፎች ይዛ ቀረበች። በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ጉሬዛው አንገቱን አቀርቅሮ፣

«እግሩ የእርስዎ ለመሆኑ ማረጋገጫ ጎድሎናል» አላት።

«የኔ ነው እንጂ! ይኸው እኔ ላይ አይደለም ወይ ያለው?»

«እሱማ ይታያል፣ እመት ስንዱ። ማረጋገጫ ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው።»

በመጣች ቁጥር ታዲያ እንደምን አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ይላታል። እሷም ጥርሷን ነክሳ ደህና፣ ተመስገን፣ ትላለች። እሱም ይጽፋል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ወደ ውስጥ አስገቧት። የመድን ቤቱ አለቃ አያ ጅቦ ሰፊ ድንጋይ ላይ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ።

«አመልካቿ በአደጋው ቦታ፣ ገና አቧራዋ ሳይራገፍ፣ ደህና ነኝ ብላለች። በማግስቱ መሥሪያ ቤታችን ቀርባ ሁለት ጊዜ ደህና ነኝ ብላለች፤ ሳትጠየቅ እግዜርንም አመስግናለች። በጠቅላላው በአሥራ አራት ቀን ሃያ ሦስት ጊዜ ደህና መሆኗን በራሷ አንደበት አረጋግጣለች። ስለዚህ የደረሰ ጉዳት የለም።»

ስንዱ ጆሮዎቿን አላመነችም። «ጌታዬ፣ እሱ እኮ ሰላምታ ነው!»

«እዚህ ቤት ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። ቃል ነው ያለው።»

«እርስዎስ ደህና አደሩ ሲባሉ ምንድን ነው የሚሉት?»

«እኔ አልተረገጥኩማ» አለ አያ ጅቦ። ጉሬዛው ይህንንም ጻፈ።

«እሺ እግሬን ይዩት!»

አያ ጅቦ አየው። ጎንበስ ብሎ በደንብ አየው። ምራቁን ዋጠ። «ማየቱንስ አየሁት። ውሳኔ የሚሰጠው ግን በመዝገቡ ነው። ቢሆንም እኛ ርኅራኄ የሌለን አይደለንም፤ ለማስተዛዘኛ ይህቺን ውሰጂና እዚህ ላይ ኮቴሽን አሳርፊ።»

በቅጠል የተጠቀለለ ጠብታ ማር ነበር። ከሥሩ ወረቀት አለ። ስንዱ ጎንበስ ብላ ፊደሉን አንድ በአንድ ታነብ ጀመር። «ከ... እን... ግዲህ...»

«ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፣ የተለመደው ነው» አለ ጉሬዛው ቸኩሎ።

«...ምንም... ላል... ጠይቅ...» እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ አነበበችው። ኮቴዋን አላሳረፈችም። ማሩንም አልነካችውም።

ልትወጣ ስትል አያ ጅቦ ከኋላዋ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠራት። «ለመሆኑ ቤትሽ በየት በኩል ነው?» አላት። «ለመዝገብ ነው።»

የስንዱ ቤት ከወንዙ በላይ ነው። እሷ ግን አንገቷን ወደ ታች ቆልመም አድርጋ ተቃራኒውን ጠቆመች። ጉሬዛው ጻፈ።

አሥራ አምስተኛው ቀን አለፈ። እግሩ ጠሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ምጥን ሲሮጥ ከፊት ይሄድና መንገድ ላይ ቆሞ ዞር ይላል፤ እሷ እስክትደርስ እየጠበቀ። «አትጠብቀኝ» አለችው አንድ ቀን። «ስትሮጥ ዞር አትበል።» ከእናቷ ምክር ሌላ ለልጇ የሰጠችው የመጀመሪያው ምክር ይህ ነበር። እናቷ አልዋሸቻትም፤ ጉሬዛን አታውቀውም ነበር እንጂ።

ቀን ቀን ከመድን ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ቁጥቋጦ ሥር ትውላለች። ጅቦቹ በራሳቸው መድን ቤት ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉ እያየ አይበሉም፤ ስማቸው ይነሣላ! በዚያ ጫካ ለአንካሳ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አልነበረም።

አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ዔሊ እየተንፏቀቀ መጣ። ያው አውራሪስ ረግጦት የጀርባው ድንጋይ ከመሃል ተሰንጥቋል። ጉሬዛው ከመስኮቱ ብድግ አለ፣ ብዕሩን ነከረ።

«እንደምን አደሩ፣ አባ ዔሊ? ደህና ነዎት?»

ዔሊው እንደ ጨዋ ደንብ አንገቱን ከድንጋዩ አወጣ፣ አፉንም ከፈተ። «ደ—»

ስንዱ በሦስት እግሯ ተወርውራ ደረሰችና ኮቴዋን አፉ ላይ አደረገች።